ኮሶዬ፣ ጎርጎራ ወይስ ደባርቅ? ከውሻ ጋር ውጭ ማደር ለሚያስቡ

የአንባቢያን ጥያቄና መልስ

ኅዳር ከገባ ወዲህ ከደረሱን ጥያቄዎች አብዛኞቹ አንድ ዓይነት ናቸው። የጻፉልን ቤተሰቦች መኪና ወይም ተጎታች ካራቫን ውስጥ እያደሩ፣ ማታ ማታ እሳት ዳር እየተቀመጡ፣ ውሻቸውንም ቤት ጥለው ሳይሄዱ ከጎንደር ወጣ ማለት ይፈልጋሉ። የሚቀራረቡትን ጥያቄዎች አዋህደን መልሰናል።

ጥያቄ፦ የአንድ ሚኒባስ የኋላ ወንበሮችን አስነሥተን አልጋ አስገጥመንለታል። ከገና በፊት ባለው ሳምንት እኔ፣ ባለቤቴ፣ ሁለት ልጆቻችንና የሦስት ዓመቱ ጀርመን ሼፐርዳችን ለሦስት ሌሊት ልንወጣ አስበናል። ልጆቹ ሰሜን ተራሮች ካልሄድን ይላሉ፤ ባለቤቴ ጎርጎራን ትመርጣለች። ብርዱ አያስፈራንም፤ ግን ውሻው እንዳይጎዳብን፣ ማታም እሳት ማንደድ የምንችልበት ቦታ የቱ ነው? (ከጎንደር፣ ማራኪ ሰፈር)

መልስ፦ በመጀመሪያ የሰሜን ተራሮችን ነገር እንጨርስ። ብሔራዊ ፓርኩ ውስጥ ውሻ ይዞ መግባት አይፈቀድም፤ ሳንቃ በርም ይሁን ግጭ ወይም ጨነቅ ካምፕ የሚታደረው ያለ ውሻ ነው። «በር ላይ ለምነን እናልፋለን» ብለው የሚነሡ አሉ፤ እባክዎ አያድርጉት። ቀይ ቀበሮ በዓለም ላይ ያለው በኢትዮጵያ ደጋ ብቻ ነው። ለአቅመ መውለድ የደረሰው በመላ አገሪቱ 500 እንደማይሞላ ይገመታል፤ ሰሜን ተራሮች ላይ ያለው ከዚያም ጥቂቱ ነው። ይህን እንስሳ በጅምላ የሚፈጀው ከቤት ውሻ የሚጋባበት የእብድ ውሻ በሽታና ዲስቴምፐር የሚባለው ሌላ የውሻ ተላላፊ በሽታ ነው። በ1996 ዓ.ም. በባሌ ተራሮች ዌብ ሸለቆ የገባው የእብድ ውሻ በሽታ እዚያ ከነበሩት ቀይ ቀበሮዎች ሦስት አራተኛ ያህሉን በጥቂት ወራት ውስጥ ጨርሷል። የእርስዎ ውሻ የተከተበ ቢሆንም በዓይነ ምድሩና በጠጉሩ ይዞት የሚገባ ተውሳክ አይጠፋም። የጭላዳ ዝንጀሮ መንጋ ሲያይ ደግሞ ገመድ በጥሶ ይሮጣል፤ እዚያ አገር ሩጫ የሚያልቀው ገደል ላይ ነው።

ለእርስዎ ቤተሰብ የምንመርጠው ኮሶዬን ነው። ከጎንደር በደባርቅ መንገድ 30 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ የአንድ ሰዓት መንገድ አይሞላም። ገደሉ አፋፍ ላይ ሆነው ወደ ቆላው ሲመለከቱ ያለው እይታ ከሰሜን ተራሮች ብዙም አያንስም፤ ጭላዳም ጠዋት ጠዋት አፋፉ ላይ ፀሐይ ሲሞቅ ይገኛል፤ ልጆቹ አይከፉም። ቅርብ መሆኑ ራሱ ትልቅ ጥቅም ነው፦ ውሻው ቢታመም ወይም ሌሊቱ ከታሰበው በላይ ቢከብድ ጠዋት ተነሥተው ለቁርስ ቤትዎ ይደርሳሉ። ከውሻ ጋር ለመጀመሪያ ጊዜ የሚወጣ ሰው ከቤቱ ከሁለት ሰዓት በላይ የሚርቅ ቦታ ባይመርጥ ጥሩ ነው።

ብርዱን አስቀድሞ ማስላት ይቻላል። በየ100 ሜትሩ ከፍታ ሙቀቱ ከ0.6 ዲግሪ ትንሽ ከፍ ባለ መጠን ይቀንሳል። ጎንደር ከተማ ከባሕር ጠለል በላይ 2,100 ሜትር ገደማ ላይ ናት፤ ኮሶዬ 2,800 ሜትር ይጠጋል። ስለዚህ ማራኪ ሌሊት 10 ዲግሪ ከሆነ ኮሶዬ 5 ወይም 6 ይሆናል ማለት ነው፤ ነፋስ ሲጨመርበት ደግሞ ሰውነት የሚሰማው ከዚያም በታች ነው። ወፍራም ጠጉር ላለው ጤነኛ ጀርመን ሼፐርድ ይህ ችግር አይደለም፤ መኪና ውስጥ እስካደረ ድረስ።

ይሁን እንጂ ሁለት ሌሊት ኮሶዬ ያደረ ሰው ሁለቱን ሌሊት የተለያየ አገር ያደረ ሊመስለው ይችላል፤ ልዩነቱ ያለው መኪናው የቆመበት ስፍራ ላይ ነው። ቀዝቃዛ አየር ከባድ ነው፤ ሌሊት እንደ ውሃ ወደ ዝቅታው ይወርድና እዚያው ይተኛል። ጠዋት ውርጭ የሚታየው ጎድጓዳው ሜዳ ላይ ነው፤ ከዚያ 20 እና 30 ሜትር ከፍ ብሎ ያለው ተረተር ሣሩ ጤዛ ብቻ ይዞ ያድራል። አፋፉ ጫፍ ደግሞ ነፋሱ አያስቀምጥም። ስለዚህ ከዝቅታው ወጣ፣ ከአፋፉም ቢያንስ 50 ሜትር ገባ ያለ ደልዳላ ቦታ ይፈልጉ። ከሰዓት በኋላ ነፋሱ ከየት እንደሚነፍስ አይተው የመኪናውን አፍንጫ ወደዚያው ያዙሩ፤ ተንሸራታቹ በር በነፋሱ በኩል ከሆነ በተከፈተ ቁጥር ያጠራቀሙት ሙቀት ሁሉ ይወጣል። ውሻው ከመኪና የሚወርደው ገመዱ በእጅዎ ከሆነ በኋላ ብቻ ነው፤ ገደል መኖሩን ውሻ በጨለማ አያውቅም።

ቦታው ባዶ ቢመስልም ባለቤት አለው፤ ግጦሽ ወይም የእህል ማሳ ነው። እዚያ ያለው ማረፊያ ግቢው ውስጥ መኪና አቁሞ ማደርን፣ ውሻንና እሳትን መፍቀዱን ከመነሣትዎ በፊት ደውለው ሦስቱንም ለየብቻ ይጠይቁ፤ «ማደር ይቻላል» ማለት ውሻውንም እሳቱንም ይጨምራል ማለት አይደለም። ከግቢ ውጭ ከሆነ የመሬቱን ባለቤት ያስፈቅዱ፣ ለቀበሌው ያሳውቁ፣ ከመንደሩ አንድ ጥበቃ በክፍያ ይያዙ። የመንገዱን ሰላም በዕለቱ ጠዋት ከመናኸሪያ ሾፌሮች ጠይቀው ይነሡ፤ ከቀኑ 10 ሰዓት በፊትም ቦታው ላይ ይድረሱ። ትናንት የተጠየቀ መንገድ ዛሬ እንዳልተጠየቀ ነው።

ባለቤትዎ የመረጡት፣ ጣና ሐይቅ ዳር ያለው ጎርጎራ ለሌላ ዓይነት ውሻ ይሻላል። ጠጉሩ አጭር የሆነ፣ ያረጀ ወይም መገጣጠሚያውን የሚያመው ውሻ ካለ ከኮሶዬ ይልቅ ወደ ጎርጎራ ይውሰዱት። በአዘዞና በቆላ ድባ በኩል ከ60 ኪሎ ሜትር ትንሽ የሚበልጥ መንገድ ነው፤ ጣና 1,790 ሜትር ገደማ ላይ ስለሆነና ሐይቁ ራሱ ሙቀት ይዞ ስለሚያድር ሌሊቱ ከጎንደርም ይለሰልሳል። ጣጣው ሌላ ነው። ጉማሬ ቀን ውሃ ውስጥ ይውላል፤ ሲመሽ ለግጦሽ ይወጣል፤ በእሱና በውሃው መካከል የተገኘን ነገር አይምርም። የሚጮህ ውሻ ይባስ ያስቆጣዋል። መኪናዎን ከዳርቻው ቢያንስ 150 ሜትር ያርቁ፤ ሣሩ የተረጋገጠበት፣ ሰፊና ሁለት ጎድጎድ ያለው ዱካ ካዩ የጉማሬ መንገድ ነውና እዚያ አያቁሙ። ከማታው 12 ሰዓት በኋላ ውሻ ይዘው ወደ ውሃው አይውረዱ። ቀንም ቢሆን ልጆቹም ውሻውም ዳር ዳሩን አይዋኙ፤ ጣና ላይ ቢልሃርዚያ አለ። ጎርጎራ ያለበት ደምቢያ የወባ አገር ነው፤ ከመስከረም እስከ ታኅሣሥ ደግሞ ዋናው ወቅቱ ነው። አጎበር ሳይዙ ከልጆች ጋር እዚያ ማደር የለብዎትም። መዥገርም ይበዛል፤ ማታ ማታ የውሻውን ጆሮ ውስጡን፣ ብብቱንና የጣቶቹን መካከል በእጅዎ ይዳስሱ። ደብረ ሲና ማርያምን ለመሳለም ከፈለጉ ተራ ገብታችሁ አንዳችሁ ውሻውን ይዛችሁ ውጭ ትቆያላችሁ።

ደባርቅ 100 ኪሎ ሜትር ነው፤ ሌሊቱ ከኮሶዬ ጋር ተመሳሳይ ወይም ጠንከር ያለ ነው። የሚጠቅመው ፓርኩን ሳያዩ መመለስ ለማይፈልግ ቤተሰብ ነው፦ መኪናችሁን ከተማው ውስጥ ካለ ሆቴል ግቢ አቁሙና አንድ አዋቂ ከውሻው ጋር ይቀመጥ፤ ሌሎቹ ስካውት (የፓርኩን ጠባቂ) ይዘው የቀን ጉብኝት አድርገው ይመለሱ፤ በማግሥቱ ተቀያየሩ። ውሻውን ብቻውን መኪና ውስጥ ቆልፎ መሄድ ግን አይሆንም። የደጋ ፀሐይ ቀን ላይ የተዘጋ መኪናን በግማሽ ሰዓት ውስጥ ለውሻ አደገኛ ወደሆነ ሙቀት ያደርሰዋል፤ ውጭው ቀዝቃዛ መሆኑ አያድነውም። መንገድ ላይ ያሉት አምባ ጊዮርጊስና ዳባት ለምሳ ለመቆም እንጂ ከውሻ ጋር ለማደር የተዘጋጀ ነገር የለባቸውም።

ጥያቄ፦ እሳቱን በምን ዓይነት እንጨት እናንድድ? ከመኪናውስ ምን ያህል ይራቅ? ሌሊት ደግሞ ፍሙን በከሰል ምድጃ አድርገን መኪናው ውስጥ ብናስገባው፣ ጭሱ ካለቀ በኋላ ማለቴ ነው፣ ችግር አለው? (ከአዘዞ)

መልስ፦ ከመጨረሻው እንጀምር፤ ሌላው ሁሉ ቢረሳ ይህ እንዳይረሳብን። ፍም መኪና ውስጥ አይገባም። ጭስ የሌለው፣ ቀልቶ አምሮ የሚታየው ፍም ነው ብዙ ካርቦን ሞኖክሳይድ የሚያመነጨው። ጋዙ ቀለምም ሽታም የለውም። ደማችን ውስጥ ኦክስጅን የሚሸከመው ሄሞግሎቢን ካርቦን ሞኖክሳይድን ከ200 ጊዜ በላይ አብልጦ ይቀበላል፤ ስለዚህ በአየሩ ውስጥ ያለው ጥቂቱ እንኳ ይበቃል። መጀመሪያ ራስ ያማል፣ ያቅለሸልሻል፣ ከዚያ እንቅልፍ ይጫጫናል፤ የተኛ ሰው ደግሞ ይህን ሳያውቀው ያልፋል። መስኮት በጣት ስፋት መክፈት አይበቃም። ሞተር አስነሥቶ ለሙቀት መተኛትም ያው ነው። ካራቫን ወይም አልጋ የተገጠመለት መኪና ያለው ሰው በባትሪ የሚሠራ የካርቦን ሞኖክሳይድ ማስጠንቀቂያ ገዝቶ በተኛበት ራስጌ ከፍታ ላይ ይስቀል። ምድጃው ለሙቀት ካስፈለገ ውጭ፣ እሳቱ ዳር እያላችሁ ተጠቀሙበት፤ ለሌሊቱ ሙቅ ውሃ በወፍራም ጠርሙስ ሞልታችሁ፣ በካልሲ ጠቅልላችሁ ብርድ ልብስ ውስጥ ክተቱ። እስከ ንጋት ለብ እንዳለ ያድራል።

አሁን ወደ እሳቱ። በዚህ ወቅት ከጎንደር እስከ ደባርቅ ያለው አገር አጨዳና ውቂያ ላይ ነው። ገብሱ፣ ስንዴው፣ ጤፉ ተከምሯል፤ አውድማው ተለቅልቋል፤ ጭዱ በየደጁ ነው። የአንድ ገበሬ የዓመት ቀለብ አንድ ክምር ላይ ነው ያለው፤ ከእርስዎ እሳት የተነሣች አንዲት ብልጭታ በከሰዓቱ ነፋስ ተሸክማ ደርሳ ልታጠፋው ትችላለች። ስለዚህ ክምር በሚታይበት በኩል ነፋሱ የሚነፍስ ከሆነ በዚያ ማታ እሳት አይነድም፤ በቃ። ክምሩ በሌላ አቅጣጫ ቢሆንም ከ100 ሜትር ያላነሰ ርቀት ይኑር።

ቦታውን ሲያዘጋጁ ዙሪያውን በ3 ሜትር ርቀት ደረቁን ሣር በአካፋ ገፈው አፈሩን ያውጡ። መካከሉ ላይ ወደ 20 ሳንቲ ሜትር ጥልቅና 60 ሳንቲ ሜትር ስፋት ያለው ጉድጓድ ቆፍረው የተነሣውን አፈር በአንድ ወገን ያስቀምጡ፤ ኋላ ይመለሳል። ጉልቻ ወይም ክብ የሚሆነውን ድንጋይ ከወንዝ አያምጡ። የወንዝ ድንጋይ ውስጡ ውሃ ይዟል፤ ሲግል ውሃው እንፋሎት ሆኖ ድንጋዩን ያፈነዳዋል፤ ስባሪውም የልጅ ዓይን ይደርሳል። ከማሳ ዳር የተለቀመ ደረቅ ድንጋይ ይበቃል። መኪናው ከእሳቱ ቢያንስ 6 ሜትር ይራቅ፤ ጭሱ ወደ መኪናው በሚሄድበት በኩልም አይቁም። የናፍጣ ጀሪካንና የጋዝ ሲሊንደር ከመኪናው በሌላኛው ጎን ይሁኑ።

እንጨቱን ከመንደሩ ይግዙ። ለሦስት ሰዓት እሳት ከ10 እስከ 15 ኪሎ ደረቅ እንጨት ይበቃል፤ አንድ የሴት ሸክም ሁለት ማታ ያሳልፋል። የምንመክረው የተፈለጠና የደረቀ ባሕር ዛፍ ነው፤ ተክለው የሚሸጡት ነውና ማንም አይጎዳም። ቅጠሉን ግን አይጨምሩ፤ ዘይት ስላለው ቦግ ብሎ ይነሣና ብልጭታው ይበተናል። ጥድ መዓዛው ደስ ይላል፤ ነገር ግን እየተንጣጣ ፍም ያስፈነጥራል፤ ውሻና ልጅ ባለበት አይሆንም። ወይራ ፍሙ ረጅም ሰዓት ይቆያል፤ ሆኖም በአካባቢው እየተመናመነ ያለ ዛፍ ስለሆነ ባይገዙ ደስ ይለናል። ከቤተ ክርስቲያን ደን የወደቀ ጭራሮ እንኳ አይነሣም። የእጅ አንጓ በሚያህል ውፍረት የተፈለጠ እንጨት ቶሎ ይያዛል፤ ግንዱን እንዳለ የከተተ ሰው ሙሉ ማታውን ጭስ ሲበላ ያመሻል።

ከመተኛትዎ ቢያንስ አንድ ሰዓት ቀደም ብለው እንጨት መጨመር ያቁሙ። ማጥፊያ 20 ሊትር ውሃ ለብቻው ይቀመጥ፤ የመጠጥ ውሃ ተርፎ ይገኛል ብለው አይመኩ። አፍስሰው በአካፋ ያማስሉ፤ እንደገና አፍስሰው ያማስሉ። ከዚያ የእጅዎን ጀርባ ወደ አመዱ ያስጠጉ፤ ሙቀት ከተሰማዎት ገና ነው። አፈር ብቻ ደፍነውበት የሚሄዱ ብዙዎች ናቸው። አፈር ፍሙን አዳፍኖ ያቆየዋል እንጂ አያጠፋውም፤ ጠዋት የሚሮጥ ውሻ ደግሞ ያን የተዳፈነ ፍም በመዳፉ ነው የሚያገኘው። ውሻ መዳፉን ካቃጠለ ቀዝቃዛ ንጹሕ ውሃ ለ10 ደቂቃ ያፍስሱበት፤ ቅቤም ዘይትም አይቀቡት፤ በንጹሕ ጨርቅ ሸፍነው ወደ ሐኪም ይውሰዱት።

ጥያቄ፦ ውሻችን ጠጉረ አጭር የአገር ውሻ ነው፣ ክብደቱ 20 ኪሎ ይሆናል። አማቴ «ውሻ ውጭ ታስሮ ያድራል፤ ጠባቂም ይሆናችኋል» ይሉኛል። እውነት ይችለዋል? ምግቡንስ ከየት እናገኛለን? (ከአራዳ)

መልስ፦ አማትዎን በአክብሮት እንቢ ይበሉልን። በግቢ አጥር ውስጥ ያለ ውሻና ሜዳ ላይ ታስሮ ያደረ ውሻ አንድ አይደሉም። ጅብ የእሳት ዳር የሥጋ ሽታ ተከትሎ ይመጣል፤ በአፋፉ አገር ደግሞ ነብር አለ፤ ነብር ከሚወዳቸው አደኖች አንዱ ውሻ ነው። የታሰረ ውሻ መሸሽ አይችልም። ከማታው 1 ሰዓት በኋላ ውሻው ወይ ገመዱ በሰው እጅ ሆኖ እሳቱ ዳር፣ ወይ መኪና ውስጥ ነው፤ ሦስተኛ ቦታ የለውም። ሌሊት ለሽንት ቢያስቸግር በባትሪ ዙሪያውን አብርተው፣ በአጭር ገመድ ይዘው፣ ከመኪናው በር ሳይርቁ ይመልሱት። አጥንትና ትርፍራፊ ውጭ አያሳድሩ።

ለብርዱ፣ የመኪና ወለል ብረት ስለሆነ ሙቀት የሚወስደው ከሥር ነው። ንጹሕ ማዳበሪያ ውስጥ የጤፍ ወይም የገብስ ጭድ ሞልተው ያንጥፉለት፤ ሲተኛበት ወደ 15 ሳንቲ ሜትር መቅረት አለበት። ከላይ አሮጌ ጋቢ ወይም ብርድ ልብስ ይበቃል። ከፎም ፍራሽ ይልቅ ጭድ ይሻላል፤ ፎም የትንፋሹን እርጥበት ይይዝና ጠዋት ቀዝቅዞ ይገኛል። መስኮት በሁለት ወገን በጥቂቱ ከፍተው ይተኙ፤ አምስት ሰውና ውሻ የተነፈሱበት የተዘጋ መኪና ጣሪያው ውሃ ያንጠባጥባል። ውሻው ከቀዘቀዘው ይንቀጠቀጣል፣ ተጠቅልሎ አፍንጫውን ጅራቱ ሥር ይከታል፤ ይህ ገና ቀላሉ ነው። መንቀጥቀጡን ትቶ ከደነዘዘ፣ ድዱም ከነጣ አደጋ ላይ ነው፤ ደረትዎ ላይ አድርገው በብርድ ልብስ ያሙቁት፣ ለብ ያለ ውሃ ያጠጡት፣ ሌሊቱን ሳይጠብቁም ሐኪም ይደውሉ። ከአራት ወር በታች ያለ ቡችላ ኮሶዬም ደባርቅም አይሂድ።

ምግቡን በተመለከተ ከኅዳር 15 ጀምሮ እስከ ገና ዋዜማ ጾመ ነቢያት ነው፤ በትንንሾቹ ከተሞች ሥጋ ቤት ክፍት ላያገኙ ይችላሉ። ለ20 ኪሎ ውሻ በቀን ወደ 300 ግራም ደረቅ የውሻ ምግብ፣ ወይም አንድ ኪሎ ያህል ሩዝና ሥጋ ተደባልቆ የተቀቀለ ምግብ፣ ከጎንደር ይዘው ይውጡ፤ ለብርዱ ከወትሮው ሩብ ያህል ይጨምሩለት። ውሃ በቀን እስከ አንድ ሊትር ተኩል ይጠጣል። ከጀሪካን ይስጡት እንጂ ከምንጭና ከኩሬ አይጠጣ፤ በበጋ ውሃው ሲያንስ አልቅት ይበዛል፤ ውሻው ሲጠጣ አፍንጫውና ጉሮሮው ውስጥ ይገባል። ከጉዞ ከተመለሱ በኋላ ውሻዎ ቢያስነጥስና ከአንድ አፍንጫው ደም ቢያንጠባጥብ መጀመሪያ የሚጠረጠረው እሱ ነው፤ ራስዎ ሊነቅሉት አይሞክሩ።

በገና ማግሥት የሚወጡ ደግሞ የዶሮ ወጥ አጥንት ለውሻ አይስጡ። የተቀቀለ የዶሮ አጥንት በስለት መልክ ይሰበራል፤ ወጡ ውስጥ ያለው ሽንኩርት ደግሞ የውሻን ቀይ የደም ሴሎች ያፈርሳል፤ ምልክቱም የሚታየው ከቀናት በኋላ ስለሆነ ምክንያቱ ሳይታወቅ ይቀራል። ጥሬ ጉበትና ሳንባም አይሰጠውም፤ ለሰው የሚተላለፈው የኮሶ ትል ዘመድ የሆነው ተውሳክ የሚገባው በዚያ ነው፤ ሰው ጉበትና ሳንባ ላይ ውሃ የቋጠረ እጢ የሚያበቅለው እሱ ነው። ከጉዞው በፊት ውሻውን ፕራዚኳንቴል በተባለው የትል መድኃኒት ማከም ይጠቅማል። መንገድ ላይ ተጥሎ የተገኘ ሥጋን ደግሞ ፈጽሞ እንዳይነካ፤ ለጅብ ወይም ባለቤት ለሌለው ውሻ የተቀመጠ መርዝ ሊሆን ይችላል። አንድ ቀን ሙሉ «ተው!» የሚለውን ትእዛዝ ቤት ውስጥ ማለማመድ ከማንኛውም መድኃኒት ይበልጣል።

ጥያቄ፦ ከውጭ የመጣ ዘመዳችን ትንሽ ተጎታች ካራቫን አስገብቷል። በፒክአፕ ወደ ኮሶዬ መሳብ ይቻላል? ውሻው ካራቫኑ ውስጥ ሆኖ ቢሄድስ? (ከፒያሳ)

መልስ፦ ውሻው በሚጓዝ ካራቫን ውስጥ አይሆንም። የሚያየው የለም፤ ዕቃ ይወድቅበታል፤ ካራቫኑ ሲወዛወዝ ደግሞ ከሁሉ በፊት የሚመታው እሱ ነው። ፒክአፑ ውስጥ የኋላ ወንበር ላይ፣ በደረት ማሰሪያ ከመኪናው ቀበቶ ጋር ታስሮ ይሂድ። አንገቱ ላይ ብቻ አይታሰር።

መሳቡ ይቻላል፤ ግን ክብደቱን ያስተካክሉ። የመጎተቻው ኳስ ላይ የሚያርፈው ክብደት ከተጫነው ካራቫን ጠቅላላ ክብደት ከ5 እስከ 7 በመቶ መሆን አለበት፤ 1,000 ኪሎ ከሆነ ከ50 እስከ 70 ኪሎ ማለት ነው። ከዚያ ካነሰ ካራቫኑ ከኋላ ይወዛወዛል፤ ዋና የመገልበጥ ምክንያትም ይኸው ነው። ውሃ፣ ባትሪና የምግብ ሣጥን ከጎማው በላይ፣ ወለሉ ላይ ይቀመጥ። 100 ሊትር ውሃ 100 ኪሎ መሆኑን አይርሱ፤ ባዶ ታንከር ይዘው ሄደው እዚያ ቢሞሉ ይሻላል። ቱርቦ የሌለው ሞተር በየ1,000 ሜትሩ 10 በመቶ ያህል ጉልበቱን ያጣል፤ ኮሶዬ ሲደርሱ ሩቡን አጥቷል ማለት ነው። ሲመለሱ ዳገቱን በወጡበት ማርሽ ይውረዱ፤ ፍሬን ላይ ተማምኖ የወረደ ሰው መጨረሻው ላይ ፔዳሉ ሲላላ ነው የሚያውቀው። የካራቫን ጎማ ጥርሱ ሳያልቅ በዕድሜ ይሰነጠቃልና ጎኑ ላይ የተጻፈውን የምርት ሳምንትና ዓመት ይመልከቱ፤ ከ6 ዓመት ካለፈ ይቀይሩ። ከአስፋልት ከመውጣትዎ በፊት አንድ ሰው በእግሩ ሄዶ መዞሪያ መኖሩን ይይ።

ማብሰያ ጋዙ ቡቴን ብቻ ከሆነ ንጋት ላይ ሙቀቱ ወደ ዜሮ ሲወርድ አይወጣም፤ ፕሮፔን ግን አይቸገርም። በ2,800 ሜትር ውሃ የሚፈላው 91 ዲግሪ ገደማ ስለሆነ ባቄላና ክክ በተራ ድስት ለመብሰል ብዙ ይቆያል፤ የግፊት ድስት ይያዙ፣ ወይም ሽሮ ያድርጉት።

ጥያቄ፦ የእብድ ውሻ ክትባት ከስንት ቀን በፊት ይሰጥ? የመንደር ውሾች ቢከቡንስ? (ከቀበሌ 18)

መልስ፦ ቡችላ ሦስት ወር ሲሞላው ይከተባል፤ ከዓመት በኋላ ይደገማል፤ ከዚያም በየዓመቱ። የመጀመሪያው ክትባት አቅም የሚያገኘው ከሦስት እስከ አራት ሳምንት ቆይቶ ስለሆነ ከጉዞው አንድ ወር አስቀድመው ያስከትቡ፤ የዲስቴምፐርንና ፓርቮ የተባለውን የውሻ ተቅማጥ በሽታ ክትባትም አብረው ይጠይቁ። ጎንደር ዩኒቨርሲቲ የእንስሳት ሕክምና ኮሌጅ አለው፤ እዚያ መጠየቅ ይችላሉ። የክትባት ወረቀቱን ይዘው ይጓዙ።

የመንደር ውሻ ከብት ጠባቂ ነው፤ የሚጮኸው ሥራው ስለሆነ ነው። ውሻዎን አጭር ይያዙት፣ አይሩጡ፣ ጀርባ ሳይሰጡ ቀስ ብለው ወደኋላ ይመለሱ፣ እረኛውን ጠርተው ሰላምታ ይስጡ፤ እሱ አንድ ቃል ሲናገር ይመለሳሉ። ድንጋይ አይወርውሩ፤ ለጠብ ያስነሣል። ሰው ከተነከሰ ቁስሉን በሳሙናና በሚፈስ ውሃ 15 ደቂቃ ይጠቡና በዚያው ዕለት ጤና ተቋም ይሂዱ፤ ቁስሉ ትንሽ ነው ብሎ መቆየት አይገባም፤ ምልክቱ ከታየ በኋላ በሽታው አይድንም። የነከሰው ውሻ ከታወቀ ለ10 ቀን ታስሮ ይታይ።

ጥያቄ፦ ለጥምቀት እንግዶች ስላሉብን ያኔ ብንወጣስ? (ከአዘዞ፣ ሌላ አንባቢ)

መልስ፦ ከጥር 9 በፊት ወይም ከጥር 13 በኋላ ይሁን። በመካከሉ ባሉት ቀናት የከተማው መግቢያና መውጫ በሰውና በመኪና ይጨናነቃል፤ ከበሮውና ሆታው ውሻን ያስደነግጣል፤ ደንግጦ ያመለጠ ውሻ በዚያ ሕዝብ መካከል አይገኝም። ከተማ የምትቆዩ ከሆነ ውሻው በኋለኛው ክፍል ይቆይ፤ ለሽንት ንጋት 11 ሰዓት ላይና ማታ ሕዝቡ ከተበተነ በኋላ አውጡት።